ቀብር በውክልና አይኬድም

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አራት ስብሰባ ተካፍዬ ጨርሼ ነበር። በሁለቱ ተቃውሞ አሰምቻለሁ፤ አንዱን በሊቀመንበርነት መርቻለሁ፤ በመጨረሻው ላይ ስለ አረጋውያን መብት ስናገር ድምፄ ተቆራርጦ ለአፍታ ዝም በማለቴ ቤቱ በጭብጨባ ተናግቷል። ይህን ሁሉ የነገረኝ ወኪሌ ነው። እኔ ገና ከአልጋ አልወረድኩም።

ወኪሌ ሰው አይደለም፤ በእኔ ስም፣ በእኔ መልክና በእኔ ድምፅ የሚሰበሰብ ማሽን ነው። ከእኔ የሚለየው ሐሳብ ስላለው ነው። በ2079 ዓ.ም. በአካል የሚሰበሰብ ሰው የለም። ብዙ ሰው አንድ ቦታ ቆሞ ከታየ ወይ ጠብ አለ ወይ ሰው ሞቷል።

የምመራው ድርጅት «የግራር ማዞሪያ የዲሞክራሲያዊ መረዳዳትና የሰብዓዊ መብቶች ጥምረት» ይባላል። ስሙን በአንድ ትንፋሽ መጥራት የሚችለው ወኪሌ ብቻ ነው። የሰፈሩ ሰው ዕድር ይለዋል፤ ዕድር ስለነበረ። አባቶቻችን ድንኳን፣ ድስትና አግዳሚ ወንበር ገዝተው አቋቋሙት። አንድ ጊዜ ከመካከላቸው አንዱ ያለ አግባብ ታሰረና የሰፈሩ ሰው ነቅሎ ወጣ፤ አግዳሚውን ተሸክሞ ሄዶ ፖሊስ ጣቢያው ደጃፍ ተቀመጠ። ጩኸት የለ፣ መፈክር የለ፣ ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ። ሰውየው ተፈታ። ወሬውን የሰማ ኅብረ ድምፅ የሚባል የውጭ ፈንድ «እንዲህ ያለ ነገርማ መጠናከር አለበት» ብሎ መጣ።

እኛም ተጠናከርን። መጀመሪያ ሠለጠንን፤ ቀጥሎ አሠልጣኞችን አሠለጠንን፤ ከዚያ ስትራቴጂክ ዕቅድ ወጣልን። አግዳሚው ለአካል ጉዳተኞች አይመችም ተብሎ ተወገደ፤ ትክክል ነው፣ አይመችም ነበር። በምትኩ ግን ወንበር አልተገዛም፤ የሚቀመጥ ሰው አልነበረማ። ድንኳኑም ተሸጠ። እኔ ከጸሐፊነት ወደ ዋና ዳይሬክተርነት አደግሁ፤ ሆዴም አብሮኝ አደገ።

ፈንዱ ገንዘብ የሚለቀው ተሳትፎ እየለካ ነው። ሁሉም ሰው በአንድ ነገር ከተስማማ ነጥብ ይቀነሳል፤ ፍርሃት አለ ማለት ነው ይላሉ። ስለዚህ የጎረቤታችን የአቶ ባስልዮስ ወኪል በየስብሰባው እንዲቃወም ወሰንን። የወሰንነው በሙሉ ድምፅ ነው። ባስልዮስ ራሱ ባለ ሥጋ ቤት ነው፤ ከብት አይቶት የማያውቅ ሥጋ ይሸጣል። እስከ ዛሬ ምን ምን ሲቃወም እንደኖረ ጠይቆኝ አያውቅም።

የፈንዱ ኃላፊ ሚስተር ኦሎፍ ይባላሉ። በወኪላቸው በኩል ሃያ ዓመት ያህል ተዋውቀናል። ሰውየው በሕይወት መኖር አለመኖራቸውን አላውቅም። መጠየቁ ነውር ይመስለኛል።

እንግዲህ ያን ዕለት ረቡዕ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ባለቤቴ ሔመን ቁርስ እያቀረበች ቀና አለች።

«ምንድን ነው የሚንኳኳው? ቧንቧው ነው?»

«በሩ መሰለኝ።»

«በሩ ደግሞ ምን ሆነ?»

ከፍቼ ሳይ አንዲት ፖሊስ ቆማለች። ሳጅን የሻረግ እባላለሁ አለችኝ። ከሃያ አምስት ዓመት አትበልጥም፤ የቅድመ አያቶች ስም እንደገና ፋሽን በሆነበት ጊዜ የተወለደች መሆን አለባት።

«በአካል ስለመጣሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «እማማ ሶልያናን ያውቋቸዋል?»

እማማ ሶልያናን የማያውቅ ማን አለ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ በግራር ማዞሪያ ወኪል የሌላቸው ብቸኛዋ ሰው ናቸው። ጠበኛ ናቸው፤ ከሰው ሁሉ ተጣልተው ጨርሰው አሁን ከመብራት እንጨት ጋር ይጣላሉ። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ነጠላቸውን አጣፍተው በአካል ወደ ዕድሩ አዳራሽ ይመጣሉ፤ ባዶ ቤት ውስጥ ቆመው ይጠብቃሉ። ከዚያ ወደ ቤቴ ያልፉና በመስኮት ሰድበውኝ ይሄዳሉ። እኔ ይህን በሪፖርቴ «የማኅበረሰብ ግብረ መልስ» እያልኩ አካትተዋለሁ።

«ቀበሌ ሄደው ቤቴን ለምንድን ነው የምታፈርሱት ብለው ጠየቁ» አለች ሳጅን። «በአካል ነው የጠየቁት። ቢሮው በአካል የመጣ ባለጉዳይ የሚያስተናግድበት አሠራር የለውም። ወለሉ ላይ ተቀመጡና ሰው ካላነጋገረኝ አልነሳም አሉ። ሰው ደግሞ የለም።»

«ታዲያ ማን ከሰሳቸው?»

«ቢሮው።»

ሔመን ፎጣ እንደያዘች መጥታ ከኋላዬ ቆመች። ሳጅን የሻረግ ቀጠለች። እማማ ሶልያና በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ መንግሥት ማቆያ ማዕከል ይዛወራሉ፤ እዚያም ወኪል ይመደብላቸዋል።

«የምን ወኪል?» አልኳት።

«የመንግሥት። አንዴ ከተመደበ በሕግ ፊት የሱ ቃል የሳቸው ቃል ነው። ማንሳት አይቻልም። እነዚህ የሚመደቡት ደግሞ ይስማማሉ።»

«በምን?»

«በቀረበላቸው።»

«ቤቱ በመፍረሱም?»

«በሱማ አስቀድሞ ነው የሚስማማው።»

አንድ መንገድ እንዳለም ነገረችን። ሊሽሩት የረሱት የድሮ አንቀጽ አለ፤ ወኪል የሌለው ታሳሪ አሥር ጎረቤት ዋስ ከሆነው ይለቀቃል። ዋሶቹ ግን በአካል መቅረብ አለባቸው፤ ወኪል ከሌለው ሰው ጋር ወኪል ማያያዝ ሲስተሙ አይቀበልም።

«ይህን ለምን ትነግሪናለሽ?» አለቻት ሔመን።

«አያቴን ይመስሉኛል» አለች ሳጅን። ትንሽ አሰበችና «ደግሞ ከትናንት ጀምሮ እየሰደቡኝ ነው። ቢወጡልኝ ደስ ይለኛል» አለች።

ደረቴን ነፍቼ ለዚህ ለዚህ አይደል እንዴ የተቋቋምነው ብዬ ሸኘኋት። ከዚያ ወኪሌን ጠራሁት። ቁርሴን ሳልጨርስ አስቸኳይ ጉባኤ ተጠራ፤ የዕድርተኛው ወኪሎች በሙሉ ተገኙ፤ ንግግር ተደረገ፤ መግለጫ ወጣ። መግለጫው ክስተቱ በጥልቅ እንደሚያሳስበንና ጉዳዩን በቅርበት እንደምንከታተል ያትታል። የባስልዮስ ወኪል ቃሉ ለስላሳ ነው ብሎ ስለተቃወመ «በጥልቅ» የሚለው «እጅግ በጥልቅ» ተብሎ ተሻሻለ። ሚስተር ኦሎፍ ወዲያው መልእክት ላኩ። ሕያው ሲቪል ማኅበረሰብ ማለት ይህ ነው፤ ነገ ስምንት ሰዓት የሚጀመረው የበጀት ጉባኤ ላይ እንደ ስኬት ታሪክ ይቅረብልን አሉ። የመጪው አምስት ዓመት በጀታችን የሚጸድቀው በዚሁ ጉባኤ ነው።

ተሸለምን ማለት ይቻላል። ሴትየዋ ግን እዚያው ናቸው።

ጣቢያው ሩቅ አይደለም፤ ለእኔ ነው የራቀኝ። ሁለት ጊዜ አርፌ ደረስኩ። እማማ ሶልያና ጠባብ ክፍል ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን እየገላመጡ ነበር።

«አንተ ነህ ወይስ ያ ለፍላፊው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ እማማ። ናሆም ነኝ።»

«እስቲ እጅህን አምጣ።»

ሰጠኋቸው። ቆነጠጡኝ። ጮኽኩ።

«አዎ፣ አንተ ነህ። ያኛው ቢቆነጥጡት ለአስተያየትዎ እናመሰግናለን ነው የሚለው። ሰው አመጣህ?»

«መግለጫ አውጥተናል። ላንብብልዎት?»

«ሰው አመጣህ ወይ ነው ያልኩህ።»

«እየተሞከረ ነው።»

«ማን ነው የሚሞክረው?»

እንዲህ ላለው ጥያቄ መልስ ያለው ወኪሌ ነበር፤ ጣቢያው ውስጥ ደግሞ ወኪል አይገባም። እማማ ሶልያና ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር፤ ዝቅ ብሎ ሰምቼው ስለማላውቅ ደነገጥኩ።

«ቤቱን ይውሰዱት» አሉ። «እንጨትና ጭቃ ነው። እኔም ነገ ከነገ ወዲያ ጥዬው የምሄደው ነው። በእኔ አፍ እሺ የሚል ነገር ግን እንዳታስገባብኝ፣ ናሆም። ስንት ዘመን እምቢ ያልኩበት አፍ ነው። ሌላ ሀብት የለኝም።»

ወጣሁ። አፍሬ ነበር፤ ፈርቼም ነበር። የፈራሁት ለሳቸው ብቻ አይደለም። እኔ በራሴ አፍ እሺም ሆነ እምቢ ያልኩት መቼ እንደሆነ ባስበው ባስበው ሊመጣልኝ አልቻለም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላና በማግሥቱ ሐሙስ ረፋዱን በሙሉ በየበሩ ዞርኩ። አሥር ሰው ምን አላት ብዬ ነበር። የባስልዮስን በር ሳንኳኳ ከውስጥ ድምፅ መለሰልኝ።

«አቶ ባስልዮስ ከጎንዎ ናቸው።»

«ከጎኔ ማንም የለም።»

«በመንፈስ ናቸው።»

«በሥጋ እንዲመጡ ነበር የፈለግሁት።»

«ጥያቄዎ ተመዝግቧል። ለንቁ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን።»

ቀጣዩም በር እንዲሁ አለኝ። ከሱ ቀጥሎ ያለውም። ያቺን መልስ ያዘጋጀኋት እኔ ነኝ፤ «ዜጋን ሳያስቀይሙ መሸኘት» በሚል ርዕስ ሥልጠና ሰጥቼባታለሁ። በደንብ ይዘዋታል። ጎበዝ አሠልጣኝ ነበርኩ።

ለምሳ ቤት ስገባ ሔመን ፊቴን አየች። ወጡን ጨልፋ አቀረበችልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ሰው በአካል ከቤቱ የሚወጣው ለምንድን ነው?» አለች።

«ለምንም አይወጣም።»

«ለቀብር ይወጣል።»

እውነቷን ነው። የዕድሩ ደንብ ተለውጦ ተለውጦ አንድ አንቀጽ ብቻ እንደነበረች ቀርታለች፤ «ቀብር በውክልና አይኬድም» ትላለች። ፈንዱ እሷንም ሊያዘምናት ፈልጎ ነበር። ያን ጊዜ በሕይወት የነበሩት ሽማግሌዎች «እንግዲያው ሬሳውንም በውክልና ቅበሩት» ብለው ስለተቆጡ ተተወች። የሞት ጥሪን ወኪል አያስቆመውም። ጥሩምባው በቀጥታ በእያንዳንዱ ሰው ጆሮ ይነፋል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ሦስቴ የቀረ ራሱ ሲሞት ቀባሪ የለውም። ሰዉ ሌላውን ሁሉ ረስቶ ይህቺን አልረሳም።

«ግን እኮ የሞተ ሰው የለም» አልኩ።

«የለም።»

«በሕይወት ያለን ሰው ሞተ ብሎ ማስለፈፍ ደግሞ ትልቅ ነውር ነው። ማን ላይ ይሟረታል?»

«ሰው ላይ አይሟረትም» አለች ሔመን። «በራሱ ላይ ካልሆነ በቀር።»

አየችኝ። ከአስተያየቷ ሐሳቡ ዛሬ የመጣላት አልመሰለኝም።

ችግሩ እኔ ከሞትኩ ወኪሌም መሞቱ ነው። ሞት እንደተመዘገበ የሟች ወኪል ባለበት ይዘጋል። የእኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት ሚስተር ኦሎፍ ፊት ቆሞ ስለ እማማ ሶልያና ጉዳይ ስኬታማነት ሊያስረዳ ነው። የበጀት ጉባኤው እስከ አሥር ሰዓት ይቆያል፤ ሴትየዋ የሚወሰዱት በዘጠኝ ነው። ከጉባኤው በኋላ ልሙት ብል አይደርስም።

አልዋሻችሁም፤ ምሳዬን ጨርሼ ነው የወሰንኩት። ጥሩ ምሳ ነበር፤ በበጀት የተገዛ ነው። አምስት ዓመት አሰብኩ፣ ደመወዜን አሰብኩ፣ በሩ ላይ የተለጠፈውን «ዋና ዳይሬክተር» የሚል ጽሑፍ አሰብኩ። ከዚያ እማማ ሶልያና በመንግሥት ወኪል አፍ እያሽቆጠቆጡ «እሺ፣ እስማማለሁ፣ አመሰግናለሁ» ሲሉ ታየኝና ከማዕዱ ተነሳሁ።

«በይ ግደይኝ» አልኳት።

ሔመን ጥቁር ልብሷን ለበሰች፤ ከዚያ የመንግሥትን የሞት መዝገብ ጠራች። መዝገቡ በረጋ ድምፅ ጠየቃት።

«ሟች አቶ ናሆም ደረጀ በእርግጥ ሞተዋል?»

«ሞቷል።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ከሞተ ቆይቷል» አለች።

ይህን ስትል አልሳቀችም። እኔ ልስቅ ብዬ ተውኩት።

ወኪሌ እንዴት እንደሞተ በኋላ ሰማሁ። «ለእኛ የእያንዳንዱ ዜጋ ድምፅ» ብሎ ጀምሮ ነበር አሉ፤ እዚያው ላይ ቆመ። ሚስተር ኦሎፍ ዝምታው ታስቦበት የተደረገ መስሏቸው ጥቂት ጠበቁና አጨበጨቡ። ጭብጨባው ሲያልቅም ዝም ነው። ሟችን በጀት ጠያቂ አድርጎ የሚመዘግብ አሠራር ስላልነበራቸው ጉዳያችን ከአጀንዳ ወጣ።

ጥሩምባው ሲነፋ እኔ መኝታ ቤት ገብቼ ከመጋረጃው ኋላ ቆምኩ። እንግዲህ ሰው ራሱን ካላሞኘ በቀር ማን ያሞኘዋል፤ ሴትየዋን ላስፈታ የተደበቅሁት ሰውዬ ስንት ሰው ያለቅስልኝ ይሆን እያልኩ ልቤ ይመታ ነበር። መጀመሪያ አንድ ሰው ገባ። ቀጥሎ ሦስት። ከዚያ ግቢው ሞላ። ፀሐይ ያልለመደው ዓይናቸውን እያሻሹ፣ ጥቁር ልብሳቸው እየጠበባቸው መጡ። በወኪል ሲተያዩ የኖሩ ጎረቤቶች ስለሆኑ እርስ በርሳቸው አልተዋወቁም።

«ባስልዮስ ነህ እንዴ?» አለች አንዷ። «ወኪልህ እኮ ፀጉር አለው።»

ድንኳን ስላልነበረ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሔመን በደንብ አለቀሰች፤ ከጠበቅሁት በላይ አለቀሰች። ባስልዮስ እምባውን በእጁ ጀርባ ሲጠርግ አየሁና ሆዴ ባባ። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ሟች እንዴት ያለ ሰው ነበር ብሎ ጠየቀው።

«ወኪሉን በደንብ አውቀው ነበር፤ ግሩም ሰው ነበር» አለ ባስልዮስ። «እሱን ራሱን ግን እግዜር ይወቀው።»

ከዚህ በላይ መስማት አልፈለግሁም። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

የሆነውን ሁሉ አልዘረዝርም። አንዷ ወደቀች፤ ሁለቱ አማተቡ፤ ባስልዮስ እምባው ሳይደርቅ ሊመታኝ አንድ ጫማውን አወለቀ። እጄን ዘርግቼ አጥር ስር ቆምኩ።

«ስሙኝ! እማማ ሶልያና ታስረዋል!»

«መግለጫ አውጥተን የለም እንዴ?» አለ አንዱ።

«አውጥተናል።»

«ታዲያ አልተፈቱም?»

ከልቡ ነበር የገረመው። ሌሎቹም እንዲሁ ተያዩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደሚወስዷቸው፣ በምትካቸው የሚናገር ነገር እንደሚመደብባቸው፣ የሚያድናቸው አሥር ሰው በእግሩ ሄዶ ሲቆምላቸው ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው። ለወኪሌ የሚዥጎደጎድለት ንግግር ለእኔ አልመጣልኝም፤ ተንተባተብኩ።

«ሌላ መንገድ አጥተህ ነው ሞት አስነፍተህ ያስደነገጥከኝ?» አለ ባስልዮስ።

«የእኔን ሞት ነው ያስነፋሁት።»

«ልቤ ልትቆም ነበር አንተ ሰውዬ! ሥጋ ቤቱን ክፍት ትቼ ነው የወጣሁት!»

«ስድቡን መንገድ ላይ ጨርስልኝ» አልኩና ከግቢው ወጣሁ። ሰዓቱ እየደረሰ ነበር።

ተከተሉኝ። እማማ ሶልያናን ብለው የተከተሉኝ እንዳሉ አልጠራጠርም፤ አብዛኞቹ ግን የተከተሉኝ ገና ሰድበው ስላልጠገቡ ነው። በግራር ማዞሪያ ጎዳና ላይ በስንት ዓመት አንዴ የታየው ሰልፍ እንዲህ ያለ ሰልፍ ነበር። ፊት ፊት እኔ በፍጥነት እየተራመድኩ፣ ከኋላዬ ባስልዮስ በአንድ እግሩ ጫማ፣ ከሱ ኋላ ጥቁር የለበሰ ሕዝብ። የከተማው መቆጣጠሪያ «ምክንያቱ ያልታወቀ የሰው ክምችት» ብሎ መዘገበን።

ጣቢያው ደጃፍ የማመላለሻው መኪና በሩን ከፍቶ ቆሟል። ሳጅን የሻረግ ሕዝቡን ስታይ ዓይኗ ፈጠጠ። ቶሎ ብዬ ጣቴን ለአሻራ ዘረጋሁ። ማሽኑን ተመለከተችና ራሷን ነቀነቀች።

«እርስዎ አይችሉም።»

«ለምን?»

«ሟች ነዎት። ሟች ዋስ አይሆንም።»

«እያየሽኝ?»

«እኔማ አየሁዎት። መዝገቡ ነው ያላየዎት።»

ዞር ብዬ ቆምኩ። ለአንድ አፍታ ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ ያቺ አፍታ በጣም ረዘመችብኝ። ከዚያ ባስልዮስ አለፈኝ። ጫማውን በግራ እጁ እንደያዘ በቀኙ አሻራውን ሰጠ። ከኋላው ወድቃ የነበረችው ሴት ቀረበች። ከሷ ኋላ ሌሎቹ ተሰለፉ፤ አሥር ሞልቶ እንኳ ሰልፉ አልተበተነም። ሳጅን በቃ ይበቃል ብትላቸው «ተሰልፈን የለም እንዴ» ብለው ሁሉም አሻራቸውን ሰጡ።

እማማ ሶልያና በር ላይ ብቅ ሲሉ ጥቁር የለበሰውን ሕዝብ አይተው ቆሙ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«ማን ሞቶ ነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ከእግር እስከ ራሴ ተመለከቱኝ። ከዚያ ወደ ሔመን ዞሩና «አይዞሽ ልጄ፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሏት።

መኪናው ባዶውን ሄደ። ሰዉ ግን ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ቆሞ ማውራት ያዘ። መጀመሪያ ስለ ቤቱ ተነሳ። ነገ ጠዋት ከእማማ ሶልያና ጋር ቀበሌ በአካል እንሂድ የሚል ሐሳብ መጣ። አንዱ ቢሮው ውስጥ ወንበር የለም አለ፤ ሌላው ወንበር ይዘን እንሂድ አለ፤ ሦስተኛው ዝናብ ቢመጣስ አለ። ተጨቃጨቁ። አንዳንዱ ነገር በወኪሎቻችን ስብሰባ ቢሆን በደቂቃ ያልቅ ነበር፤ እዚህ አንድ ሰው ሲናገር ሌላው ያቋርጠዋል፣ ሦስተኛው ያኮርፋል፣ አኩራፊውን ለመመለስ ሌላ ጊዜ ያልፋል። በመጨረሻ እንሂድ ተባለ።

ከዚያ ባስልዮስ እጁን አነሳ።

«አትበተኑ፤ አንድ ነገር ቀርቷል» አለ። «ይህ ሰውዬ በሐሰት ሞት ዕድርተኛውን አስወጥቷል። በሞት ከተቀለደ ነገ ጥሩምባ ሲነፋ ማን ያምናል? ከመሪነቱ ይውረድ ብዬ ሐሳብ አቀርባለሁ።»

በየስብሰባው የሚቃወመው ባስልዮስ በገዛ አፉ ሲቃወም ያየሁት ያን ቀን ነው። አንዱ ሴትየዋን ያስፈታው እሱ አይደል እንዴ ብሎ ተከራከረልኝ። ሌላዋ ድንኳናችንን የሸጠውም እሱ ነው አለች። ልናገር ብዬ እጄን ባነሳ «ሟች የመናገር መብት አለው ወይ?» የሚል ጥያቄ ተነሳ። ድምፅ ተሰጠበት። ተሸነፍኩ።

ሁሉም ወደ እማማ ሶልያና ዞረ።

«አስፈትቶኛል፤ አልክድም» አሉ። «ዕድሜ ይስጠው። ግን ስንት ዓመት ባዶ አዳራሽ ሲያስቆመኝ የኖረ ሰው ነው። ይውረድ።» እጃቸውን አነሱ፤ ቀጭን እጅ ነው፤ ከሁሉም ቀድሞ የወጣው እሱ ነበር።

ከዚያ ሌሎቹ ወጡ። ወፍራም እጅ፣ ቀለበት ያለው እጅ፣ ጫማ የያዘ እጅ። ሃያ ዓመት ያህል በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ሳደርገው የኖርኩት ነገር ይህ ነበር፤ ዓይቼው ግን አላውቅም። ከሥራዬ እየተባረርኩ ደስ አለኝ። ደስታው ላይ ደግሞ ልቅሶ መጣብኝ፤ ሟች ስለሆንኩ ማንም አላየኝም ብዬ አለቀስኩ።

«የሚቃወም?» አለ ባስልዮስ።

አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ሲከራከርልኝ የነበረውም ሰውዬ እጁን ኪሱ ከቷል።

«ድምፀ ተአቅቦ?»

ከሕዝቡ ኋላ አንድ እጅ ቀስ ብሎ ወጣ። ሔመን ናት። ባስልዮስ ግራ ገባውና ምክንያቷን ጠየቃት።

«እኔ ገና ሐዘን ላይ ነኝ» አለች።